አክሱም በ96 ሳንቲ ሜትር

ልጆቻችን የሚያድጉት ስፔስ ኒድልን ከመኪና መስኮት እያዩ ነው። እስቲ አንድ ቀን «የአክሱም ሐውልትስ ምን ያህላል?» ብለው ቢጠይቋችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ልጄ ሲጠይቀኝ «በጣም ትልቅ ነው» ብዬ አለፍኩት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በሆላንድ፣ ዘ ሄግ ከተማ፣ ማዱሮዳም የሚባል መናፈሻ አለ። የአገሪቱ ታዋቂ ሕንፃዎች 25 ጊዜ አንሰው ተሠርተው ቆመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት መነሻ ገንዘቡን የሰጡት በናዚ ማጎሪያ ካምፕ የሞተው የጆርጅ ማዱሮ ወላጆች ናቸው፤ ስሙም የልጃቸው መታሰቢያ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው በካናዳዋ ቪክቶሪያ ከተማ ያለው ሚኒዬቸር ወርልድ ነው። ከሲያትል በክሊፐር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ቤት ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አያሳስብም። ድንበር መሻገር ግን አለ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሁላችሁንም ወረቀት እዩ፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የአገሩንም ፓስፖርት ይያዝ። ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ጠበቃ ሳታማክሩ እንዳትወጡ።

መውጣት ካልተቻለ መናፈሻውን ቤት መሥራት ነው። በማዱሮዳም ልክ፣ ማለትም 1 ለ25፣ ካሰብነው 184 ሜትር የሆነው ስፔስ ኒድል 7 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሳሎን አይገባም፣ ይቅር! ከሮም በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነው፤ 96 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ይበቃዋል። ልጆቹ «ይሄ ብቻ?» ይላሉ። አትከፉ። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ፣ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው መሆኑን ንገሯቸውና በሩንና መስኮቶቹን እንዲስሉበት አድርጉ። ሐውልቱ ራሱ እኮ የፎቅ ቤት ምስል ነው። የሐረር ሰዎች ደግሞ አምስቱን የጀጎል በሮች ጨምሩበት።

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ግን በካርቶን አትሞክሩት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ ሳሙና ስጧቸው። ከላይ መስቀል ይሳሉና ዙሪያውን በማንኪያ ጫፍ ወደ ታች ይፈልፍሉ። የተሳሳቱትን መልሶ መለጠፍ የለም፤ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያኔ ይገባቸዋል።

ስትሠሩ ይህንንም አጫውቷቸው። ላሊበላ ውስጥ ወንዙ ዮርዳኖስ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጎልጎታ ይባላል። ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ ያልቻለ ሰው እዚያው እንዲሳለም ታስቦ እንደታነጸ ይነገራል።

የእኛ ልጅ ሁለት ሳሙና አበላሽቶ ሦስተኛው ተሳካለት። ለእናቴ በቪዲዮ አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ ስታይ ቆየችና «ጎሽ የኔ ልጅ! ግን ጣሪያው ላይ መስቀሉ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ሦስት ነው እኮ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ» አለችው።

አራተኛው ሳሙና ተጀምሯል።