የሰብል መድኃኒትና የንብ ዕጣ



የአገራችን ሰው ንብን የትጋት ምሳሌ አድርጎ ሲያከብራት ኖሯል። ማሯ ለጠጅ፣ ሰሟ ለጧፍ ይሆናል። ኢትዮጵያም በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ዳሩ ግን ይህችን ባለውለታችንን ለሰብል ጥበቃ የሚረጨው የተባይ መግደያ መድኃኒት እየጎዳት ይገኛል።

ከሐዋሳ ባህል አዳራሽ ተነሥቶ ወደ ሲዳማ ገጠር የወጣ ሰው በቆሎውን፣ ቡናውንና እንሰቱን ጎን ለጎን ያገኛል፤ የአንዱ ገበሬ ማሳ ከሌላው ገበሬ ቀፎ አይርቅም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በሸካ አካባቢ መጀመሪያ ታይቶ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች በተዛመተ ጊዜ ገበሬው በቆሎውን ለማትረፍ ትሉን በእጁ ለቅሟል፤ መድኃኒትም ረጭቷል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በበረሃ አንበጣ ላይ ከአውሮፕላን ጭምር ተረጭቷል። እህልን ማዳን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መርዙ ትልን ከንብ ለይቶ አያውቅም።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይደርሳል። አንደኛ፣ በአበባ ላይ ሳለች የተረጨባት ንብ ወዲያው ትሞታለች። ሁለተኛ፣ ጥቂት መርዝ የነካት ንብ በሕይወት ብትቆይም አቅጣጫዋ ይጠፋባትና ወደ ቀፎዋ ሳትመለስ ትቀራለች። ሦስተኛ፣ መርዝ ያለበትን የአበባ ብናኝ ይዛ ከገባች ጉዳቱ በቀፎው ውስጥ ለሚያድጉት እጮች ይተርፋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ዓ.ም. ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለውንና ሁለት መሰሎቹን መድኃኒቶች በሜዳ ሰብል ላይ እንዳይውሉ የከለከለው ንቦችን ስለሚጎዱ ነው።

ኪሳራው የንብ አርቢው ብቻ አይደለም። ዘይት የምናወጣበት ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር ለመያዝ እምብዛም ስለማይችል፣ ብናኙን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው የምታደርስለት በተለይ ንብ ናት። ንብ ስታልቅ የኑጉ ፍሬ ይሳሳል። ስለዚህ ዛሬ የጎረቤቱን ቀፎ ባዶ ያስቀረ ገበሬ፣ ነገ የራሱን አውድማ ባዶ ያገኘዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ፈጽሞ ይቅር አንልም። ሰብሉ አበባ በያዘበት ወራት መርጨት አይገባም፤ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ምሽት ይሁን። ከዚያ በፊት የአካባቢው ንብ አርቢዎች ይነገራቸው፤ ቀፎአቸውን ለማራቅ ወይም ለጥቂት ጊዜ ለመሸፈን ይችላሉና። በመለያው ወረቀት ላይ የተጻፈው መጠንም ይጠበቅ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት ሥራ ላይ እንዳይውል የሚከለክል ስለሆነ፣ ከየገበያው በጠርሙስ የሚገለበጠውን መግዛት ሕግን መተላለፍ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፤ መድኃኒቱን የሚያስመጣው፣ የሚያከፋፍለውና የርጭቱን ቀን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የእናንተ ብዕር ነው። የርጭት ትእዛዝ በፈረማችሁ ጊዜ «ለንብ አርቢዎች ተነግሯልን?» የሚል አንድ ጥያቄ ብትጨምሩ፣ በዚያች አጭር ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ቀፎ ከጥፋት ይድናል።