ሾኤቭ አቫኩ ለምን ደከመ?

ሾኤቫችሁ መሳብ ሲያቅተው «ተበላሸ» ብላችሁ አትጣሉት። ከረጢት የሌለውን ዓይነት ዝነኛ ያደረገው እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ነው፤ እስኪሳካለት 5,127 ናሙና ሠርቷል! ውስጡ አየሩ እንደ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል፤ አቧራው ወደ ዳር ይወረወርና ማጠራቀሚያው ውስጥ ይወድቃል። አውድማ ላይ ነፋስ ገለባውን ሲለይ አይተን የለ? እዚህ የሚለየው መሽከርከሩ ነው።

ደቃቁን አቧራ ግን ፊልተሩ ነው የሚይዘው። እሱ ሲደፈን ማሽኑ ይደክማል። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ እርጥቡን መመለስ ሞተሩን ይጎዳል። ዓርብ ጠዋት ካጠባችሁት ለሰንበት ጽዳት አይደርስም፣ ረቡዕ ይሁን።

አስም ያለበት የልጅ ልጅ ካላችሁ ማጠራቀሚያውን ደጅ ወጥታችሁ፣ ፌስታል ውስጥ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። እውነቱን ለመናገር፣ ለእንዲህ ያለ ቤት እኔ አቧራው እንደታሸገ የሚጣልበትን ባለከረጢቱን እመርጣለሁ።