ተጫዋቹ ጓደኛችን፦ ሳቁና ሐቁ

ተጫዋች ሰው ሲሞት ለቅሶው ለየት ይላል። እንባ ሳይደርቅ አንዱ ከጥግ «ያኔ እኮ እንዲህ ብሎ…» ሲል ይጀምራል። ሳቅ ያመልጣል፤ ወዲያውም ሁሉም ይተፋፈራል። በ2016 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛችንን ጀናዛ ቀብረን ስንመለስ የገጠመን ይኸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሳቃችንን ሰምተው «ልጆች፣ ይህ እኮ የተእዚያ ቤት ነው» አሉን። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ያን ልጅ ያለ ሳቅ ማስታወስ ሌላ ሰው እንደ ማስታወስ ነው። ታዲያ ሙስሊም ወጣትነቱን በጨዋታ ያሳለፈ ጓደኛውን እንዴት ያስታውሰው?

ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ሐዲስ እዚህ ላይ ብዙ ይነግረናል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) እንዳወሱት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐብዱላህ የሚባል፣ ሰዎች ግን «ሒማር» ማለትም አህያ እያሉ የሚጠሩት ሰው ነበር። የአላህን መልእክተኛ ያስቃቸው ነበር። ይህ ሰው በመጠጥ ምክንያት ተቀጥቷል፤ እንደገናም ጠጥቶ ቀርቧል። አንድ ቀን ከተገረፈ በኋላ ከሰዎቹ አንዱ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚያመጡት ብሎ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዳይረግሙት ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም በአላህ ምለው መሰከሩለት። ልብ በሉ፣ ቅጣቱ አልቀረለትም። ሰውየው በጥፋቱ ብቻ እንዲታወስ ግን አልፈቀዱም።

ጨዋታ ራሱም በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም። የሚቀመጥበት እንስሳ እንዲሰጡት ለጠየቃቸው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ትንሽ ግመል ምን ታደርግልኛለች ብሎ ግራ ሲጋባ፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ቀልዳቸው ከእውነት አይወጣም ነበር፤ ሰው ለማሳቅ ብሎ የሚዋሸውንም አጥብቀው አስጠንቅቀዋል።

የጓደኛችን ጨዋታ አብዛኛው ማንንም የማይነካ ነበር። በ1989 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ አስተማሪያችን፣ ከጦሳ ጫፍ አንድ ድንጋይ ብንለቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁ። ማትሪክ ደርሶ ሁላችንም ደብተራችን ላይ አቀርቅረናል። እሱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ መጀመሪያ ታች ያሉትን ሰዎች እናስነሣ» አለ። ደሴ ጦሳ ሥር ያለች ከተማ ናትና፣ ታች ያሉት ሰዎች እኛው ነበርን። አስተማሪው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

ሁሉም ቀልዱ ግን እንዲህ አልነበረም። ሲናገር የሚንተባተብ አንድ የክፍላችን ልጅ ነበር፤ ቅጽል ስም አወጣለት። ስሙ ከክፍል ወጣ፣ ከትምህርት ቤትም ወጣ፤ ልጁ ጎልምሶ፣ ወልዶ፣ ሱቅ ከከፈተ በኋላ እንኳ ሸዋ በር ድረስ ተከተለው። ቁርአን በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ አንዱ በሌላው እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳይጠራሩ አማኞችን የከለከለው ይህንኑ ነው።

ጀናዛው ሲሸኝ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ፣ ሐቅ ያለው ይጠይቀን፣ ያስቀየመውም ካለ አውፍ ይበለው ብሎ ነበር። ብዙዎቻችን ሐቅ ሲባል የሚታየን ብር ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነን ወደዚያ ሰው ሱቅ ሄድን። የመጣንበትን ስንነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«እኔ አውፍ ብዬዋለሁ። ቀብሩ ላይም የቆምኩት ለዚያ ነው» አለን ቀስ ብሎ። «እናንተ ግን ጨዋታውን ስታወሩ ያንን ስም ተዉልኝ።»

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ከምርጥ ጨዋታዎቹ ብዙዎቹ ያ ስም ያለባቸው ናቸው፤ ስሙ ሲወጣ ጨዋታው ይፈርሳል። የክፍል ጓደኞቻችን በስልክ በሚጻጻፉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ነገሩ ሲነሣ፣ አንዳንዱ «ምን አለበት? ሟቹ እንደሆነ ሞቷል» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ለእኔ አይዋጥልኝም። ስም ያወጣው ሄደ እንጂ፣ ስሙ የተለጠፈበት ሰው ዛሬም ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል። በመጨረሻ ጨዋታዎቹን ተውናቸው። መቼም ቅር ሳይለን አይደለም።

የገንዘቡም ሐቅ ነበር። ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ.) እንደተረኩት ሦስት ዲናር ዕዳ ያለበት፣ ምንም ያልተወ ሰው ጀናዛ ሲቀርብ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነግረው እሳቸው ተቆጠቡ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳው በእኔ ይሁን ሲሉ ሰገዱበት። ጓደኛችንም የአንድ ጅምላ ነጋዴ ዕዳ ነበረበት። ከየደመወዛችን እያዋጣን ዓመት ሳይሞላ ከፈልን፤ ነጋዴውም አልሐምዱሊላህ ከፊሉን ማረው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ከሞቱ በኋላ በግ ሲያርዱ ለወዳጆቻቸው ሥጋ ይልኩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። ሴት የክፍል ጓደኞቻችን ይህን አስበው፣ ባለቤቱን በዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ሲጠይቋት ከረሙ። እኛ ደግሞ ወደ እናቱ እንሄዳለን። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው «እስቲ ልጆቼ፣ የጦሳን ድንጋይ ንገሩኝ» ይላሉ። እንነግራቸዋለን። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ፤ ከዚያም ሁልጊዜ ድንጋዩ በኋላ ሰው መትቶ እንደሆነ ይጠይቁናል።

«ኧረ ማንንም አልመታ» እንላቸዋለን።