ቤታችሁን ለሚረጭ ሰው በር ከመክፈታችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ



ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቁይ ከተማ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ትኋንና አይጥ አስቸግሮናል፤ ጎታ ውስጥ ያለው ስንዴም ነቅዟል። አንድ የሚረጭ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አጠፋላችኋለሁ ብሎናል። እናስገባው ወይስ ይቅርብን?»

ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ እዚሁ ልመልሰው።

አዲስ አበባ ያለ ሰው የተባይ ማጥፊያ ድርጅቶችን ደውሎ ዋጋ ያወዳድራል። በወረዳ ከተማ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው መርጫውን በጀርባው ያዘለ አንድ ሰው ነው። ድርጅትም ይሁን ግለሰብ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» መሆን የለበትም። «የምትጠቀመው መድኃኒት ስሙ ማነው?» በሉት።

ለምን ስሙ?

አንድ ሰው ተመርዞ ሆስፒታል ሲመጣ እኛ ሐኪሞች መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው። እንደ ማላታዮን ያለ መርዝ ከሆነ ላብና ለሃጭ ያበዛል፣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ለዚህ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለን፤ በጊዜ ከተደረሰ ብዙ ሰው ይተርፋል።

የነቀዝ ክኒን ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፎስቶክሲን፣ ሴልፎስ እየተባለ የሚሸጠው ክኒን ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ፣ የአየሩም ቢሆን፣ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንዱ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። ልብንና ሳንባን ይጎዳል፤ ማርከሻ የለውም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው ኦክስጅን መስጠት፣ የደም ግፊትና ልብን መደገፍ ብቻ ነው።

«እኛ እኮ ጎታው ውስጥ ነው የጨመርነው፣ ክፍላችን ሌላ ነው» የሚሉ አሉ። ጋዝ በር አያንኳኳም። በግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስ፣ በበር ሥር ያልፋል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ሽታ የለም ማለት ግን ጋዝ የለም ማለት አይደለም።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ሌይተን ከተማ፣ አንድ የተባይ ማጥፊያ ባለሙያ አይጥ መሰል እንስሳትን ለማጥፋት ይህንኑ ዓይነት መርዝ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ከተተ። ጉድጓዱ ለቤቱ በጣም የቀረበ ነበር። ጋዙ ወደ ቤት ገባና የ4 ዓመትና የ15 ወር እህትማማቾች ሞቱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ይህ መርዝ በመኖሪያ ቤቶች አካባቢ እንዳይውል፣ ሰው ወይም የቤት እንስሳ ካለበት ሕንፃም 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ ወሰነ።

ውጭ የተቀበረው ይህን ካደረገ፣ አልጋ ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ ሲጨመርስ? ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ፈጽሞ አይገባም። «እኔ አውቅበታለሁ» የሚል ሰው ቢያመጣውም መልሱት።

ከማስገባታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ማሸጊያውን አሳየን። በሃይላንድ ተቀድቶ ወይም በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ መድኃኒት አይረጭም። ስሙ፣ የሚያበቃበት ቀንና መመሪያው መነበብ አለበት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል።

2. ለቤት ነው ለእርሻ? ለማሳ የተሠራ መርዝ መኝታ ቤት አይረጭም። «ጠንካራ ስለሆነ ነው የመረጥኩት» ካለ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠሩ።

3. የት እንደር? መቼ እንመለስ? «ምንም አያደርግም፣ እዚያው ተኙ» የሚል ሰው ሥራውን አያውቅም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

4. አንተስ ምን ትለብሳለህ? ጓንትና የአፍንጫ መከላከያ የሌለው ሰው ለራሱ ካልተጠነቀቀ ለእናንተ አይጠነቀቅም።

5. ማን ያውቅሃል? ወረዳ ግብርና ጽ/ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያውን፣ ጤና ጽ/ቤት ደግሞ የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

«ሁሉንም በአንድ መድኃኒት» የሚለው ተስፋም አያታልላችሁ። የትኋን፣ የአይጥና የነቀዝ ማጥፊያ አንድ አይደለም።

ሳይረጭ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ለትኋን ልብሱንና አንሶላውን ከ60 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ እጠቡ፣ የአልጋውን ስንጥቅ የፈላ ውኃ አፍስሱበት፣ የግድግዳውን ቀዳዳ ድፈኑ። ለአይጥ ጉድጓዱን መድፈን፣ ምግብ መክደንና ወጥመድ ማጥመድ ይሻላል። ለነቀዝ ደግሞ እህሉን በደንብ አድርቃችሁ ባለ ሦስት ድርቡ ፒክስ ከረጢት ውስጥ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ኬሚካል የለውም፣ አልጋ አጠገብም ቢቀመጥ አይጎዳም። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይነካውም፤ ጭንቀታችሁ ለስንዴው፣ ለበቆሎውና ለባቄላው ይሁን።

አደጋው ከደረሰስ?

ክኒን ወይም ርጭት በገባበት ቤት የቤተሰቡን አባላት በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ደረት መጨነቅ ወይም ማዞር ከያዛቸው «ምግብ ነው» ወይም «ምች ነው» ብላችሁ አትቆዩ። ሁሉንም ወደ ንጹህ አየር አውጡ፣ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ራቁ። ክኒኑ ላይ ውኃ አታፍስሱ፣ ጋዙን ያባብሰዋል። የዋጠ ሰው ካለ አታስታውኩት፣ ውኃም ወተትም አትስጡት። የማሸጊያውን ፎቶ ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለሐኪሙም «የነቀዝ ክኒን ነበር» በሉት። ሁለት ሰዓት ተሻለኝ ያለ ሰው በኋላ ሊደክም ስለሚችል እቤት አትመልሱት።

የተረፈውን ክኒን ደግሞ ቤት አታስቀምጡ። ልጅ ሊያነሳው ይችላል፤ የጨነቀው ሰው እጅ ላይም መገኘት የለበትም።

የመኸር እህል ወደ ቤት የሚገባበት ወቅት ሲደርስ ይህ መልዕክት ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ይድረስ። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። ሼር አድርጉት።