ሙምባይና ዴልሂ፤ አንዱ ሰንጠረዡን፣ አንዱ ዋንጫውን

ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉን ሰንጠረዥ በአንደኝነት መጨረስ፣ ሦስቱንም ዓመት በፍጻሜው ተሸንፎ ባዶ እጅ ወደ ቤት መመለስ። የዴልሂ ካፒታልስ የሴቶች ክሪኬት ቡድን የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። ከሦስቱ ፍጻሜዎች ሁለቱን የነጠቀው ደግሞ አንድ ቡድን ነው፤ ሙምባይ ኢንዲያንስ። ዛሬ በሕንድ የሴቶች ስፖርት ውስጥ ትልቁ ፉክክር የትኛው ነው ቢባል፣ ብዙዎች የእነዚህን ሁለት ከተሞች ስም ይጠራሉ።

ክሪኬት እኛ አገር ብዙም የሚታወቅ ጨዋታ አይደለምና ከመቀጠላችን በፊት ሕጉን እንየው። ሁለት ቡድኖች 11፣ 11 ሆነው ይገባሉ። አንዱ ይመታል፤ ሌላው ኳስ ይወረውራል፣ ይቀልባል። መቺዋ ከኋላዋ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀች ኳሱን በዱላ ትመታለች። ከመታች በኋላ ከባልደረባዋ ጋር ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ኳሱ መሬት ነክቶ ከሜዳው መስመር ካለፈ 4፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6 ነጥብ ነው። እንጨቶቹ በኳስ ከተመቱ፣ ወይም የመታችው ኳስ አየር ላይ ከተቀለበ መቺዋ ትወጣለች። በአጭሩ የክሪኬት ዓይነት አንድ ቡድን የሚደርሰው 120 ኳስ ብቻ ነው። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የሕንድ ሴቶች ክሪኬት መጫወት የጀመሩት ትናንት አይደለም። የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1973 ነው። በ1978 የዓለም ዋንጫን በአገራቸው አስተናግደዋል። ገንዘብ ግን አልነበረም። የዚያ ትውልድ ተጫዋቾች ከከተማ ከተማ የሚጓዙት በተጨናነቀ ባቡር ነበር፤ የሚያድሩትም በጋራ መኝታ ቤት። ደመወዝ የምታገኘው እንደ ባቡር ድርጅቱ ባለ መሥሪያ ቤት የተቀጠረች ብቻ ነበረች። ሀብታሙ የሕንድ ክሪኬት ቦርድ ሴቶቹን በሥሩ ያቀፈው በ2006 ሲሆን፣ ዓመታዊ ኮንትራት ያስፈረማቸው ደግሞ በ2015 ነው። የወንዶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ በ2008 ተጀምሮ ዓለምን ሲያነጋግር፣ ሴቶቹ የራሳቸውን ለማየት 15 ዓመት ጠብቀዋል።

በጥር 2023 የአምስት ቡድኖች ባለቤትነት ለጨረታ ቀረበ። ጠቅላላው ዋጋ 46.7 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ደረሰ። የሙምባይን የገዛው የአምባኒ ቤተሰብ ኩባንያ 9.13 ቢሊዮን፣ የዴልሂን የገዙት ደግሞ 8.1 ቢሊዮን ሩፒ አወጡ። በቀጣዩ ወር ተራው የተጫዋቾች ሆነ። ስምሪቲ ማንዳና በ34 ሚሊዮን ሩፒ ወደ ባንጋሎር ስትሄድ የዕለቱ ውድ ተጫዋች ሆነች። እንግሊዛዊቷ ናት ሲቨር-ብረንት በ32 ሚሊዮን፣ የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሃርማንፕሪት ካውር በ18 ሚሊዮን ሙምባይ ገቡ። ዴልሂ ደግሞ የአውስትራሊያን አምበል ሜግ ላኒንግን፣ ወጣቷን ሻፋሊ ቨርማንና ጄሚማ ሮድሪገስን ወሰደ። ልብ በሉ፣ ጄሚማ የሙምባይ ልጅ ናት።

ገንዘብ ብቻውን ቡድን እንደማይሠራ ግን ወዲያው ታየ። ከሁሉም በላይ 12.89 ቢሊዮን ሩፒ የወጣበት የጉጃራት ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የጨረሰው በመጨረሻ ደረጃ ነው። ሙምባይ በአንጻሩ የቀድሞዋን የእንግሊዝ አምበል ሻርሎት ኤድዋርድስን አሰልጣኝ፣ የሕንድን ታላቅ ወርዋሪ ጁላን ጎስዋሚን ደግሞ የወርዋሪዎች አሰልጣኝ አድርጎ ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2023 በተካሄደው የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታም ሙምባይ 207 ነጥብ ሰብስቦ ጉጃራትን በ64 ነጥብ አስወጣው።

ታዲያ የሙምባይና የዴልሂ ነገር ከየት መጣ? ሥሩ ከሊጉ ይቀድማል። ሃርማንፕሪትና ላኒንግ የቆየ ሒሳብ ነበራቸው። በ2017 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሃርማንፕሪት ብቻዋን 171 ነጥብ አስቆጥራ የላኒንግን አውስትራሊያ ከውድድር አስወጣች። ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ወደ ላኒንግ አጋደለ። በ2020 በሜልቦርን 86,174 ተመልካች በታደመበት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አውስትራሊያ ሕንድን በ85 ነጥብ ቀጣች፤ ዕለቱ የሃርማንፕሪት የልደት ቀን ነበር። በ2022 በበርሚንግሃም የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ፍጻሜ ልዩነቱ 9 ነጥብ ነበር። በየካቲት 2023 በኬፕታውን ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ 5 ነጥብ። በዚያ ጨዋታ ሃርማንፕሪት ለማሸነፍ በተቃረበችበት ሰዓት እየሮጠች ሳለ ዱላዋ መሬት ላይ ተቀረቀረባትና ወጣች።

ከኬፕታውኑ ሽንፈት በኋላ ወር እንኳ ብዙም ሳያልፍ ሁለቱ አምበሎች በሙምባይ ብራቦርን ስታዲየም ለመጀመሪያው የሊግ ፍጻሜ ተገናኙ። በዙሩ አንድ አንድ ጊዜ ተሸናንፈው፣ በነጥብም እኩል 12 ይዘው ነበር የጨረሱት፤ ዴልሂ አንደኛ የሆነው በነጥብ ፍጥነት በልጦ ነው። በፍጻሜው ዴልሂ በ79 ነጥብ 9 ተጫዋች ወጥቶበት አለቀለት ሲባል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች በ24 ኳስ 52 ነጥብ ጨምረው 131 አደረሱት። ሙምባይም ተንገዳገደ። ሆኖም ናት ሲቨር-ብረንት ሳትወጣ 60 ነጥብ አስቆጥራ፣ 3 ኳስ ብቻ ሲቀር ዋንጫው የሃርማንፕሪት ሆነ።

በ2024 የሊጉ መክፈቻ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የመጨረሻዋ ኳስ ስትቀር ሙምባይ 5 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። ለመምታት የገባችው ከኬረላ ክልል የመጣችው ሳጃና ናት፤ በሊጉ የሚገጥማት የመጀመሪያ ኳስ ነው። ሰነዘረች፤ ኳሷ በአየር መስመሩን አለፈች፤ ስድስት! የአውቶ ሪክሾ ሾፌር ልጅ በአንዲት ምሽት የአገር መነጋገሪያ ሆነች። በዚያው ዓመት ግን ሙምባይ ከፍጻሜው በፊት በባንጋሎር በ5 ነጥብ ተሸነፈ፤ ባንጋሎር ዴልሂንም በገዛ ከተማው አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

2025 ደግሞ ክርክር ይዞ መጣ። በቫዶዳራ በተደረገው የመጀመሪያ ግንኙነት ዴልሂ በመጨረሻዋ ኳስ አሸነፈ፤ ነገር ግን በጨዋታው መገባደጃ ላይ ሯጮቹ መስመር ደርሰዋል አልደረሱም በሚለው የዳኛ ውሳኔ የሙምባይ ደጋፊ እስከዛሬ አንጀቱ እንዳረረ ነው። በሁለተኛው ግንኙነት ክርክር አልነበረም፤ ዴልሂ አንድ መቺ ብቻ ወጥቶበት በቀላሉ አሸነፈ። «ዘንድሮስ የዴልሂ ነው» ተባለ። ፍጻሜው መጣ፤ ብራቦርን ላይ እንደገና። ሙምባይ በ14 ነጥብ ሁለት ተጫዋቾች ሲወጡበት ሃርማንፕሪት ገባች። በ44 ኳስ 66 ነጥብ አስቆጠረች። ሙምባይ 149፣ ዴልሂ 141። ስምንት ነጥብ! ላኒንግ ለሦስተኛ ጊዜ ሌሎች ዋንጫ ሲያነሱ ቆማ አየች። ከአገሯ ጋር የዓለምን ዋንጫ ደጋግማ ያነሳችው ሴት በዚህ ሊግ በዴልሂ ማሊያ አንድም አላገኘችም። በኋላም ወደ ዩፒ ዋሪየርዝ ሄዳ፣ የዴልሂ አምበልነት ለሙምባይዋ ልጅ ለጄሚማ ተላለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ፉክክሩ ለሕንድ ምን ጠቀማት?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ያለው በዚያው በ2025 ጥቅምት መጨረሻ ነው። በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ አውስትራሊያ ለሕንድ የ339 ነጥብ ተራራ አቆመችባት። ያንን ተራራ የወጡት እነማን ናቸው? የሙምባይዋ አምበል ሃርማንፕሪትና የዴልሂዋ ጄሚማ። ሁለቱ ተጣምረው 167 ነጥብ ሰበሰቡ፤ ጄሚማ ሳትወጣ 127 ነጥብ ይዛ ጨረሰች። የመጨረሻውን ምት የመታችው አማንጆት ካውርም የሙምባይ ተጫዋች ናት። ከሦስት ቀን በኋላ በፍጻሜው ደግሞ የዴልሂዋ ሻፋሊ በ87 ነጥብ መንገዱን ከፈተች፤ ሕንድ ደቡብ አፍሪካን በ52 ነጥብ አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ባለቤት ሆነች።

በክለብ ባላንጣ፣ በአገር ማሊያ ባልንጀራ። የ20 ዓመት ወጣት በየዓመቱ በመጨረሻዋ ኳስ፣ በሞላ ስታዲየም፣ ከዓለም ምርጦች ጋር ከተፋለመች የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አዲስ አይሆንባትም። በ2017 ፍጻሜ በ9 ነጥብ የተሸነፈችው ሕንድ የጎደላት ችሎታ ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለመደ ልብም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ሴቶቹ ሲጀምሩ ውዷ ተጫዋች 34 ሚሊዮን ሩፒ አወጣች፤ በወንዶቹ ሊግ በ2024 ለአንድ ተጫዋች 270 ሚሊዮን ተከፍሏል። የሴቶቹ ውድድር በእነዚያ ሦስት ዓመታት 22 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። ያም ሆኖ የተሸነፈው ዴልሂ እንኳ በየፍጻሜው 30 ሚሊዮን ሩፒ ሽልማት ይዞ ነው የወጣው። በባቡር ተጨናንቀው ይጓዙ የነበሩት ቀደምት ተጫዋቾች ይህን አላገኙም።

«የሴቶች ስፖርት ተመልካች የለውም» የሚል አባባል በብዙ አገር ይሰማል፤ እኛም ጋ እንግዳ አይደለም። ተመልካች ግን ዝም ብሎ አይመጣም። የሚመጣው የሚጠላውና የሚወደው ቡድን ሲኖረው፣ ባለፈው ዓመት የተነጠቀውን ዘንድሮ ለማስመለስ ሲጓጓ ነው። ለዚያ ደግሞ ደመወዝ፣ ጥሩ ሜዳና የማይዛነፍ የውድድር ፕሮግራም ያስፈልጋል። የሙምባይና የዴልሂ ሴቶች እነዚህን ሲያገኙ ሦስት ዓመት በቃቸው። ከዚያ በፊት ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የችሎታ እጥረት አልነበረም፤ ሜዳውን የሚከፍትላቸው ጠፍቶ ነው።