ታንክም ይተነፍሳል፦ በእጅ ለሚሠራ መኪና የነዳጅ ክዳን አመራረጥ

መኪናን ከልዩ ልዩ ክፍሎች በራስ እጅ ገጣጥሞ መሥራት በዓለም ላይ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበችው ሎተስ ሰቨን ገዢው በቤቱ እንዲገጣጥማት ሳትገጠም ጭምር ትሸጥ ነበር። በአገራችንም የፈጠራ ዝንባሌ ያላቸው ወጣቶች ከአሮጌ ተሽከርካሪዎች ሞተርና የነዳጅ ታንክ እያወጡ የራሳቸውን መኪና ሲሠሩ ይታያል። በዚህ ሥራ በመጨረሻ የሚታሰበው፣ በግምት የሚገዛው፣ ሲጠፋም በጨርቅና በፌስታል የሚወተፈው የታንኩ ክዳን ነው። ነገር ግን ክዳኑ ሁለት ተቃራኒ ተግባራት አሉት፤ ቤንዚኑ እንዳይወጣ ይዘጋል፣ ታንኩ አየር እንዲያገኝም ይከፍታል።

አየር ለምን ያስፈልጋል?

ሞተሩ ቤንዚን በሳበ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ቦታውን የሚተካ አየር ካልገባ የውስጡ ግፊት ይቀንስና ነዳጁ ወደ ሞተሩ መፍሰሱን ያቋርጣል። መኪናው ጥቂት ተጉዞ ከቆመ፣ ክዳኑ ሲከፈት አየር «ፍስስ» ብሎ ከገባና ሞተሩ እንደገና ከተነሣ፣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ሙቀት ግፊትን ይጨምራል። በሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ታንክ 30 ሊትር ቤንዚን ይዞ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር፣ ቤንዚኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ትነቱም ይበረታል። ታንክን እስከ አፉ መሙላት የማይመከረው ስለዚህ ነው።

የከፍታ ጉዳይ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። የአየሩ ግፊት በሐዋሳ በግምት 82፣ በአዲስ አበባ 76 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈጽሞ የታሸገ ታንክ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሐዋሳ ቢደርስ፣ 50 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነው አንድ ጎኑ ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት የተጫነበት ያህል ከውጭ ይገፋል። ስስ ቆርቆሮ ይህን ሳይጎብጥ መቋቋም ይከብደዋል።

እንዴት እንምረጥ?

በመጀመሪያ ታንኩ የራሱ መተንፈሻ ቱቦ እንዳለው ይመርመር። ከሌለው መተንፈሻ ያለው ክዳን የግድ ያስፈልጋል። ቱቦ ካለውና ቱቦው ትነትን በከሰል ወደሚያጣራ ዕቃ የሚያመራ ከሆነ ግን፣ ለዚያው ሥርዓት የተሠራ ክዳን ይገጠም፤ ተራ ቀዳዳ ያለው ክዳን ትነቱን ወደ ውጭ ይለቅቀዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ሥፍራ ይጠራቀማል፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መጠኑ ከመቶ 1.4 ያህል ሲደርስም ለእሳት ብልጭታ ዝግጁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመሙያው አፍ ስፋትና የክዳኑ አያያዝ በካሊፐር ተለክቶ ይመሳከር። የራዲያተር ክዳን በመልክ ቢመሳሰልም አይተካውም፤ እርሱ የተሠራው ከፍተኛ ግፊት አምቆ ለመያዝ ነውና።

ሦስተኛ፣ ጓርኒሲዮኑ ቤንዚን የሚቋቋም እንደ ናይትራይል ያለ ጎማ ይሁን። የተፈጥሮ ጎማ በቤንዚን ያብጣል፣ ይላላልም።

በመጨረሻም መኪናው ሲገለበጥ መተንፈሻውን የሚዘጋ ቫልቭ ይኑር፤ የመሙያው አፍም ከተሳፋሪዎች ክፍል ውጭና ከጭስ ማውጫው የራቀ ይሁን። ክዳኑን ለመለወጥ ሲባል ቤንዚን የነበረበትን ታንክ መበየድ ግን ፈጽሞ አይገባም። ባዶ የሚመስለው ታንክ ውስጥ የሚቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላልና።