የሽሮ ሜዳ ልጆች ሰማይ

የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ስለ አየር ጠባይ ሳስተምር እጄ የሚገቡት የሥዕል መጻሕፍት አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። በአንዱ ገጽ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ በሌላው ምድሩ በሙሉ ነጭ ነው። ሰፈራችን ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነውና አንዲት ተማሪዬ ነጩን ገጽ ባየች ጊዜ «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ባዘቶ የማን ነው?» አለችኝ። ልክ ናት፤ እቤቷ የምታየውን ነው የተናገረችው። እኔ ደግሞ ከደጃፏ ቀና ስትል የምታየውን የእንጦጦን ሰማይም በመጽሐፍ እንድታገኘው እፈልጋለሁ።

የሥዕል መጽሐፍ ለዚህ ይመቻል። ገጽ ሲገለጥ ሰማዩ ይለወጣል፤ ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ቀጥሎ የሚመጣውን ለመገመት ይጓጓል። እንጦጦ ሥር ደግሞ ሰማዩ ራሱ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ልጆቹ ሹራባቸውን ያወልቃሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ጉሙ ተራራውን ይውጠውና በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ የእኔም ድምፅ አይሰማም። ዝናቡ ሳያባራ ፀሐይ ብቅ ካለች ክፍሉ በሙሉ «ጅብ ወለደች!» እያለ ይጮኻል። እናት ጅብ ግልገሎቿን ታቅፋ፣ በላይዋ የማርያም መቀነት ተዘርግቶ ቢሳል እንዴት ያለ ገጽ ይወጣው ነበር! ጅቡን ልጆቹ በተረት ብቻ አይደለም የሚያውቁት፤ ሌሊት ከእንጦጦ ጫካ ሲጮህ ይሰሙታል።

ልጆች ይህን ሁሉ ሲያዩ «ለምን?» ይላሉ፤ መጽሐፉም መመለስ አለበት። አዲስ አበባ መሃል ያለው መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ እየሰፋ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመው እንፋሎትም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይሰበሰባል፤ ደመና ይሆናል። ጉም ማለት መሬት የነካ ደመና ነው። ይህን ስነግራቸው ደመና ውስጥ ገብተው እንደሚያውቁ ይረዱና ደስታቸው ወሰን የለውም።

የከተማችን አመሠራረትም ከዚሁ ብርድ ጋር የተያያዘ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳለ ቁሩ አስቸገራቸው። እቴጌይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሙቁን ውሃና ሜዳውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ብርድ የጠናባት ንግሥት ተራራ ወርዳ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ አገኘች፤ ሕፃን የሚወደው ተረት ከዚህ በላይ ምን አለ?

የውጭዎቹን መጻሕፍት አልጠላም። አሜሪካዊው ኤዝራ ጃክ ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቀይ ልብስ የለበሰ ጥቁር ልጅ በበረዶ በተሸፈነች ከተማው እየተራመደ የእግሩን ዱካ ያያል። መጽሐፉ የሚያምረው ልጁ በገዛ ሰፈሩ ስላለ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሠዓሊ ለሆናችሁ ልመና አለኝ። በብዙዎቹ የውጭ መጻሕፍት ዝናብ ጨዋታ አበላሽ ነው፤ ልጁ መስኮት ሥር ተቀምጦ ያዝናል። የእኛን ክረምት እንዲያ አትሳሉት። ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ በቦቲ ጭቃ የሚረገጥበት፣ ፌስታል ራስ ላይ ደፍቶ ሱቅ የሚሮጥበት፣ በቡሄ ጅራፍ የሚጮህበት ነው። ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናብ ከጣለ ልጆች እየተሯሯጡ ይጠመቁበታል፤ እናቶች ሊጡ ይባረክ ብለው ጠብታውን ይቀበሉለታል። የኅዳርን ውርጭም አትርሱ። ከጫካው ማገዶ ተሸክመው በዶፍ የሚወርዱትን እናቶችም ሳሉልን፤ ከተማሪዎቼ መካከል ዝናብ ሲጥል እናታቸውን በዓይናቸው የሚፈልጉ አሉ።